የመቃብር ተክል በጎጎ ጓሮ

ኦሬንጅ ፋርም፣ ጆሃንስበርግ
ጁን 14 ቀን 2020

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ ለአስካለች፣

ከሁሉ በፊት የጌታ ሰላም ከነቤትሽ፣ ከነጓሮሽ ይብዛልሽ። እኔ በጸሎታችሁና በእሱ ቸርነት እስከዚች ሰዓት ደህና ነኝ። አንባቢሽና ጸሐፊሽ ፊቤ ይህን ከስልኳ ስታነብልሽ ቀስ ትበል፤ የእሷ ንባብ እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ነው።

ስለ በሽታው ሰምተሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ሎክዳውኑ አሁን ትንሽ ላላ ብሏል። ሱቄን ጠዋት ከፍቼ ሳይመሽ እዘጋለሁ። እዚህ ስፓዛ የሚሉት የእኛ ዓይነቱ ሱቅ ፊቱ በሙሉ ብረት ነው፤ ሌባ ስለሚፈራ ዳቦውም ዱቄቱም የሚሸጠው በፍርግርግ በኩል ነው። ሰው በጭምብሉ ውስጥ ሆኖ "ሳውቦና" ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔም በጭምብሌ ውስጥ ሆኜ እመልሳለሁ። ይህን አገር እስከዛሬ ያየሁት በብረቱ ቀዳዳ ነው፤ ዶሮ በቅርጫት ሆና ገበያውን እንደምታየው። ሰልችቶኛል አክስቴ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልነግርሽ ነው። ሱቁ ያለበት ግቢ የጎጎ ንቶምቢ ነው፤ ጎጎ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከቤቷ ኋላ ድንጋይ የበዛበት ሰፊ ባዶ መሬት አላት። በአንዱ ጥግ እሬት በቅሎበታል። አዎ፣ ያው የምናውቀው እሬት። እዚህ የሰው ሁሉ እጅ በሳኒታይዘር ተሰነጣጥቋል። ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ሱቆች ሰፈር መሰረት የምትባል ልጅ አለች፤ የእጅ ቅባትና ሳሙና ትሠራለች። ቅጠሉን ካመጣህ በየሳምንቱ እወስድልሃለሁ ብላኛለች። ከኮሮና ያድናል እያሉ የሚሸጡ ሞልተዋል፤ እኛ እዚያ ውስጥ የለንበትም፣ ለእጅ ነው።

ጎጎን መሬቱን ልሥራና ምርቱን እንደ አገራችን በእኩል እንካፈል አልኳት። የእህቷ ልጅ ሲፎ ደግሞ እዚያው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ አስቦ ኖሯል። ሁለታችንንም ቁጭ አድርጋ ፈረደች። እስከሚመጣው ዓመት ክረምት መጨረሻ ድረስ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ተክል ካለበስኩት የእኔ እርሻ ይሆናል። ባዶ ቦታ ከታየ ሲፎ መሠረቱን ይቆፍራል።

ከዚህ ብረት ውስጥ መውጫዬ ይህ መሬት ነው። የጠየቅሽኝን የቤት ቆርቆሮ አልረሳሁም፣ ትንሽ ታገሺኝ። አሁን የምለምንሽ ምርቃትሽን ነው።

ልጅሽ ዱካሞ

*

ዱራሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱካሞ፣

እንደምን ከርመሃል? ጠባቂህ አይተኛ። እኛ ደህና ነን፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እንሰቱም ቆሟል። ቀኑን በፈረንጅ ጻፍክብኝ። ፊቤ በጣቷ ቆጥራ ሰኔ 7 ነው አለችኝ። እኛ የምንኖርበትን ቀን ጻፍልን እባክህ።

ፊቤ እሬት የሚለው ጋ ስትደርስ አቁሚ አልኳት። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። አንተ ልጅ፣ በሰፈራችን እሬት የት ነው የሚተከለው? በአባትህ መቃብር ራስጌ በዚህ እጄ የተከልኩት ምን ነበር? በደጁ እሬት የተከለ ሰው የራሱን ጉድጓድ እያዘጋጀ ነው ይሉ ነበር አያቶቻችን። እኔ የጌታ ነኝ፣ በሟርት አላምንም። ግን ሰው እንዲህ በሚረግፍበት ዘመን ምን አስቸኮለህ?

ደግሞ አንተና እሬት ከጥንትም አልተስማማችሁም። ጡት ስናስጥልህ እናትህ አንጀቷ አልችል ብሎ ጡቷን በእሬት የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀመስክና ፊትህን አጨማደህ እኔን አየኸኝ። እናትህ እያለች፣ እኔን። የማን ሥራ እንደሆነ በምን አወቀ እያልኩ እስከዛሬ ይደንቀኛል።

አባትህ በሬውን ሸጦ የሰደደህ ከጓሮ እንድትወጣ ነበር። ከእንሰት ጓሮ ሸሽተህ ሰው አገር ጓሮ ልትገባ ነው? መሬት ካማረህ ጎመን ትከል፣ ጎመን ማንንም አይቀብርም። ቆርቆሮው ይቆየኝ። ይልቅ ያንን ነገር ንቀልልኝና ነቀልኩት ብለህ ጻፍ።

አክስትህ አስካለች

ይህን የምጽፈው ደግሞ እኔ ፊቤ ነኝ። የታክሲ ረዳት ያልከኝን ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ። የሳቀችው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

*

ኦሬንጅ ፋርም፣ ነሐሴ 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለአስካለች፣

አዲሱ ዓመት ሊጠባ ነው፣ ጌታ በሰላም ያሻግራችሁ። ቀኑን በእኛው ጽፌልሻለሁ። ቁጣሽም ደርሶኛል፤ ባትቆጪ ነበር የምደነግጠው።

እሬቱን አልነቀልኩም። አብዛኛው ራሱ ተነቀለ። ስነግርሽ ስቀሽ ትሞቻለሽ። ጎጎ ከጥጉ እናት ተክሎች ሠላሳ ያህል አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም የእንሰት አገር ልጅ ነኝና ተክል ማለት ለእኔ ፍግ ነው። በየማለዳው እርጥብ ፍግ በቅርጫት ወደ ጓሮሽ ስሸከም አይደል ያደግሁት? ከመንገዱ ማዶ ከብት የሚያረባ ሰው አለ፤ ከእሱ በጋሪ እያመላለስኩ በየሥሩ ከመርኩበት። ጠዋትና ማታ ደግሞ ውሃ። ቅጠሉ ወዲያው ወፈረልኝ። በደስታ ፎቶ አንስቼ ለመሰረት ላክሁላት። ከዚያ ቅጠሉ ሳስቶ ውስጡ ታየ፣ ለዘበ፣ ስነካው እጄ ላይ ፈረሰ። ነቅዬ ባየው ሥሩ ጠቁሮ ሸትቷል።

ጎጎ ያን ሁሉ ቀን አጥሯን ተደግፋ ስታየኝ ነበር። ምነው ዝም አልሽኝ ብላት መቼ ጠየቅከኝ አለችኝ። ከዚያ በዱላዋ የበሰበሰውን እያገላበጠች፦

"ይህ ተክል ድሃ ነው። ሀብታም ካደረግከው ይሞታል" አለችኝ።

አሁን የቀሩኝ ጥቂት ናቸው። እዚህ ክረምት ማለት ደረቅ ብርድ ነው፣ ማለዳ መሬቱ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ሲመሽ የሱቁን ባዶ የዱቄት ከረጢት አለብሳቸዋለሁ፣ ጠዋት እገፍፍላቸዋለሁ። ሲፎ በየቀኑ እየመጣ ሜትሩን ይዘረጋል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይስቃል። ግን ይለካል።

የመቃብሩን ነገር ንቄው አይደለም አክስቴ። ቢሆንም መሬቱን እፈልገዋለሁ። ምርቃትሽ ደብዳቤሽ ውስጥ አልነበረም፣ ሁለት ጊዜ ፈለግሁት።

ልጅሽ ዱካሞ

*

ኦሬንጅ ፋርም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከነሐሴ ወዲህ ከእናንተ ምንም አልመጣልኝም። ፊቤን በስልክ ሳገኛት ደህና ናት ትለኛለች፣ አቅርቢልኝ ስላት ጓሮ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ተኝታለች። አንቺ በቀን የምትተኚ ሰው አልነበርሽም።

ተቀይመሽኝ ከሆነ በግልጽ ስደቢኝ፤ ስድብሽ ሲደርሰኝ ቢያንስ በሕይወት እንዳለሽ አውቃለሁ።

ውሃውን ትቼ ተክሎቹ አገግመዋል። ግን የሚወልዱት አንዳንድ ልጅ ነው፣ እሱም ቀስ እያለ። በዚህ አካሄድ እስከ ቀጠሮው የመሬቱን አንድ ጥግ እንኳ አላለብስም። የምገዛበት አቅም የለኝም። ሲፎ ለመሠረቱ የሚሆን ድንጋይ መሰብሰብ ጀምሯል፤ ከእኔው መሬት ላይ እየለቀመ ነው፣ እኔም አግዘዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ጻፊልኝ።

ዱካሞ

*

ዱራሜ፣ ኅዳር 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱካሞ፣

የሞትን ጥላ የሚያሳልፍ አምላክ ይመስገን። በሕይወት አለሁ፣ ልሰድብህም ደርሻለሁ።

ታምሜ ነበር። የበሽታውን ስም ፊቤ እንዳትጽፍ ከልክያታለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ። አልጋ ላይ ሆኜ ትንፋሽ ከሩቅ ስጎትት ነው የከረምኩት። ለእሱ እንዳትነግሪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳትቆጣት። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ አንተ እዚያ ብረት ውስጥ ሆነህ ምን ልታደርግ? ሁለታችንም ከምንታመም አንዳችን ይበቃል ብዬ ነው።

የነሐሴውን ደብዳቤ ያነበበችልኝ እዚያው አልጋ ላይ ነው። እርጥብ ፍግ ለእሬት። ሳቄ ሳሉን ቀሰቀሰው፣ ጎረቤት ሮጦ መጣ። ስቀሽ ትሞቻለሽ ያልከው ሊደርስ ነበር። ሳገግም ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ደጄ ላይ አንድም እሬት የለም። የሞት ደጅ ግን ደርሼ ተመለስኩ። ታዲያ ተክሉ ምን አደረገ?

አሁን ስማኝ። እንሰት ሲበዛ አይተሃል፣ ግን ከጓሮዬ ይዘህ የሄድከው ፍጉን ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እናቲቱ እንሰት ልቧ እስካለ ድረስ ወደ ላይ ማደግ ነው ሐሳቧ፣ ልጅ አታስብም። ስለዚህ እኛ ከላይ ቆርጠን፣ የመሐሉን ልቧን በቢላ ጎርጉረን አውጥተን፣ ቁስሏ ጠፈፍ ሲል እንቀብራታለን። ያኔ በዙሪያዋ ልጅ በልጅ ላይ ታወጣለች። እሬትህም ከሥሩ የሚወልድ፣ ሥጋ ያለው ነገር ነው። ቢላውን በእሳት ለብልበህ ልቡን አውጣለት። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪሠራ ውሃ አታሳየው። ፍግማ አጠገቡ እንዳይደርስ።

በእሬት ሞክሬ አላውቅም፣ ዋስ አልሆንህም። አሁንም ተክሉን አልወደውም። የጀመሩትን ጥሎ የሚሄድ ሰው ግን በዘራችን የለም።

ቆርቆሮውን ተወው፣ ራስህን ጠብቅ።

አክስትህ አስካለች

እኔ ፊቤ። ይቅርታ ዱካሞ። ጓሮ ናት ስልህ አጠገቤ ሆና በዓይኗ እየተቆጣችኝ ነበር።

*

ኦሬንጅ ፋርም፣ ጥር 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለአስካለች፣

ከአልጋ ያነሳሽ ጌታ ስሙ ይባረክ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ደንግጦ ዳቦውን ትቶ ሄደ።

እሺ፣ እነግርሻለሁ። ቢላዬን ይዤ ተክሎቹ ፊት ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የቀሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው፤ ልባቸውን አውጥቼ ቢሞቱ መሬቱም ሄደ፣ ሁሉም አለቀ። ለመሰረት ቅጠል የምቆርጥባቸውን ሁለት ሦስት እናቶች ተውኩ። ሌሎቹን ጌታ ሆይ አክስቴን አታሳፍራት ብዬ አንድ በአንድ ልባቸውን ጎርጉሬ አወጣሁ። ጎጎ አየችኝና የተረፉትን ደግሞ በእጅህ ልታርዳቸው ነው ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። ሲፎ ሜትሩን ኪሱ ከተተና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ፤ ለቅሶ የሚደርስ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ምንም የለም። ቁስሉ ደርቆ ጠቆረ፣ ቅጠሎቹ ተኮማተሩ። የበጋው ዝናብ መጣ፤ እዚህ ዝናቡ በእናንተ በጋ ነው የሚመጣው። ከዝናቡ በኋላ አንድ ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስል በዚያ በኩል አለፍኩ። ከአንዷ ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል፣ ልክ እንደ ሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ። ጎንበስ ስል በወዲያ በኩልም አለ። ዞሬ ባየው ዙሪያውን ነው። ወደሚቀጥለው ሄድኩ፣ እሱም። ሱቁን ሳልከፍት እዚያው ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ረፈደብኝ፤ ሰው መጥቶ ብረቱን እያንኳኳ ተመለሰ።

ጎጎን ጠራኋት። ዱላዋን ተደግፋ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየነካች ብዙ ቆየች።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አለችኝ።

አክስቴ አልኳት። አክስትህ ብዙ እሬት አላት ወይ አለችኝ። አንድም የላትም፣ ትፈራዋለች አልኳት። ይህን ከሰማች በኋላ ለዚያች ሴት ንጊያቦንጋ በልልኝ አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። እነሆ ነገርኩሽ።

ልጆቹን እየነጠልኩ መትከል ጀምሬያለሁ። የትልልቆቹንም ልብ እያወጣሁ ድጋሚ አበዛለሁ። ግማሹን መሬት ለማልበስ አሁን ሰው እንጂ ተክል አያንሰኝም። እሑድ እሑድ መሰረት እየመጣች ታግዘኛለች።

አሁንስ ትመርቂኛለሽ?

ልጅሽ ዱካሞ

*

ዱራሜ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱካሞ፣

በአባቶችህ አምላክ ሰላም እልሃለሁ። ደብዳቤህ ሲነበብ እልል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ምን ተገኘ ሲሉኝ ልጄ በሰው አገር ልብ አወጣ አልኩ። ክፉ ነገር መስሏቸው ደነገጡ። ፊቤ አስረዳቻቸው።

ጎጎን ደህና ሁኚ በልልኝ። አጥር ተደግፎ የሰው ስህተት ማየት እኔም እወዳለሁ፣ የምንግባባ ሴት ትመስለኛለች። ሲፎንም አታስቀይመው፤ ድንጋይ የምታግዘው በከንቱ አይደለም፣ ያ ድንጋይ ከመሬትህ እየወጣ ነው።

ቆይ ግን፣ መሰረት ማን ናት? በመጀመሪያው ደብዳቤ ቅጠል ገዢ ነበረች። በሁለተኛው ፎቶ ተላከላት። አሁን እሑድ ትመጣለች አልክ። እኔ ቀን መቁጠር ነው የማልችለው እንጂ ይህን እቆጥራለሁ። ፎቶ ላክልኝ። የተክሉን ፎቶ ፊቤ አሳይታኛለች፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልኛል?

ምርቃት ትጠይቀኛለህ። ልጄ፣ ምርቃት እንደ ሰላምታ ከአፍ የሚወረወር አይደለም። ያልተጨረሰ ነገር አልመርቅም። ብርዱ ገና ከፊትህ ነው።

አክስትህ አስካለች

*

ኦሬንጅ ፋርም፣ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለአስካለች፣

በመጀመሪያ ደህና ነኝ። ፊቤ ይህን ሁለት ጊዜ ታንብብልሽ። ደህና ነኝ፣ አንድ ጭረት የለብኝም።

እዚህ ዘረፋ እንደነበረ በዜና ሰምታችኋል። ስትደውሉ ስልኬ ያልሠራው እሱም አብሮ ስለሄደ ነው፤ ይህን የምጽፈው በሰው ስልክ ነው። ሱቁ የለም አክስቴ። ሰው እንደ ጎርፍ ነው የመጣው፣ ብረቱን በመኪና ገመድ ስበው ነቀሉት። ያ ስንት ዓመት የኖርኩበት ብረት እንደ ሳር ተነቀለ። ጎጎ ጎትታ ቤቷ አስገብታኝ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀመጠች፤ በእሷ ላይ ተራምዶ የሚገባ ወንድ አልተገኘም። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ መደርደሪያውን፣ ሚዛኑን ወሰዱ። የወሰዱትን የሚሸከሙበት ሲያጡ ባዶ ከረጢቶቼንም አነሱ። በእርሻው መሐል እየሮጡ ሲያልፉ አንዱ ቅጠል ቆርጦ ምላሱ ላይ አደረገው። በመስኮት እያየሁት ነበር። ፊቱን አጨማዶ ተፋውና ሄደ። ከዚያ በኋላ እሬቱን የነካው ሰው የለም። ያኔ አንቺ ጡት ስታስጥዪኝ ትዝ አልሽኝና በዚያ ሁሉ መሐል ሳቄ መጣ።

ነገር ግን ከረጢቶቹ ሄደዋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱ ቆሟል፤ እዚህ ያ ማለት በማግስቱ አመዳይ ነው። ትንንሾቹ ሳይለብሱ ካደሩ ጠዋት ቀቅለው እንዳወጧቸው ይሆናሉ። ሱቁ በሄደበት ቀን አላለቀስኩም፤ እዚያ እርሻ መሐል ባዶ እጄን ስቆም ግን ዕንባዬ መጣ። መሸሽ እንኳ አልታሰበኝም። የራሴን ብርድ ልብስና ጋቢ አውጥቼ አንዱን መስመር አለበስኩ። ሸሚዞቼን ደረብኩ። ልብሴ አልቆ ያልለበሰው መሬት ገና ብዙ ነው።

ጎጎ ከበሩ ላይ ሆና ታየኛለች። ተነስታ ብርድ ልብሷን አመጣች። ከዚያ አጥሩ ጋ ሄዳ ጎረቤቶቿን በየስማቸው መጣራት ጀመረች። ሴቶቹ ወጡ፣ ብዙዎቹ በዱቤ ዳቦ ሲወስዱ የኖሩ፣ ለተሰነጠቀ እጃቸው ቅጠል የሰጠኋቸው ናቸው። አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ የጠረጴዛ ልብስ ይዘው መጡ። በመጨረሻ ማን መጣ ብትይ፣ ሲፎ። ትልቁን ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና ራሱ ለክፍሎቹ በምልክት በከለለው ጥግ ላይ ዘረጋው።

ጠዋት ስነሳ እርሻው በሙሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ነበር። በልብሱ ላይ አመዳዩ እንደ ጨው ተነስንሷል። አንድ አንሶላ ገለጥ ባደርግ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ሌላውን ገለጥኩ፣ አረንጓዴ። ሴቶቹም እየመጡ የየራሳቸውን ይገልጣሉ፣ የእኔ ደህና ነው፣ የእኔም ደህና ነው ይባባላሉ። ያ የሰሞኑ ብርድ እስኪያልፍ ድረስ ሲመሽ እያለበሱ ጠዋት እየገፈፉ ቆዩ።

ከዚያ ጎጎ ሲፎን ጠራችው። ሜትርህን አምጣ አለችው። ከዳር እስከ ዳር ዘርግተን ሄድን፤ ባዶ መሬት የለም። ጎጎ የቀጠሮው ቀን አልደረሰም፣ እኔ ግን አይቻለሁ አለችና ሁላችንም ፊት እንዲህ ብላ ተናገረች፦

"ሱቁ ሲፈርስ ይህ ሰው አልሸሸም። ልብሱን አውልቆ መሬቴን አለበሰ። መሬቱ የእሱ እርሻ ነው፤ እኔ እስካለሁም፣ ከእኔም በኋላ።"

ሲፎ ሜትሩን ጠቀለለና ሰጠኝ። ለአጥሩ ያስፈልግሃል አለኝ።

አክስቴ፣ ሱቅ የለኝም፣ ልብሴም በከፊል ጎረቤት ቤት ነው። ግን መሬት አለኝ።

ልጅሽ ዱካሞ

*

ዱራሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ዱካሞ፣

ከነነፍስህ የጠበቀህ ጌታ ይክበር። ደህና ነኝ ያልከውን ፊቤ ሁለት ጊዜ አነበበች። በሦስተኛው እኔ ራሴ ስልኩን ይዤ ፊደሉን አየሁት፣ ማንበብ ባልችልም።

አልቅሻለሁ። ስቄያለሁም። ያ ሌባ ፊቱን ሲያጨማድድ ያየሁት ያህል ነው። እሬት ለእኛ ቤት ሁለት ጊዜ ሠራ ማለት ነው፣ አንዴ አንተን ከጡት፣ አንዴ ሌባን ከእርሻ።

እሬት የመቃብር ተክል ነው ብዬህ ነበር። ቃሌን አላጥፍም፣ ነው። የተቀበረው ግን ያ ብረት ሱቅ ነው፤ እሬቱም በላዩ በቅሏል። እንግዲህ ሐዘኑ ይበቃል፣ ተነስ ሥራህን ሥራ።

ጋቢ በሰው እጅ ልኬልሃለሁ። አንዱ ላንተ ነው፣ አንዱ ለጎጎ፣ አንዱ ለሲፎ። ለተክል እንዳታለብሰው።

አስካለች

እኔ ፊቤ ነኝ። አራተኛም አለ፣ ጠባብ ጥለት ያለው። ለማን እንደሆነ እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። እሑድ የምትመጣው ትውሰደው።

*

ኦሬንጅ ፋርም፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ አክስቴ፣

ለረጅም ጊዜ አጫጭር መልእክት ብቻ ስልክልሽ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን ደብዳቤ የሚገባው ቀን ነው። ጭምብሉ ቀርቷል፣ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል፣ እኛም የመጀመሪያውን ትልቅ ምርት አጨድን።

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ከእያንዳንዱ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ነው የምንቆርጠው፣ መሐሉ ይቀራል። ሲፎ ባኪ የሚሉትን ክፍት መኪናውን አመጣ፤ የቤት ማከራየቱን ሐሳብ ትቶ ጭነት ያመላልስልናል። የብርድ ልብሱ ሴቶች ሁሉ መጡ፣ የቀን ሥራቸውን እከፍላቸዋለሁ። መኪናው ሞልቶ ጄፒ ስንገባ የሐበሻ ነጋዴ ሁሉ ከሱቁ ወጥቶ ምን ተጫነ ይላል። እሬት ስላቸው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። የመሰረት ሥራ ቤት አድጓል፣ ቅባቱ አሁን በየፋርማሲው አለ፤ ቅጠሉን ስታይ ሚዛኑ አይበቃም ብላ ጮኸች።

የጎጎን ድርሻ እጇ ላይ ሳስቀምጥ ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ይህ ድንጋይ እኔንም እናቴንም አብልቶን አያውቅም ነበር አለችኝ።

ፎቶውን አያይዣለሁ። ጋቢ የለበሰችው ጎጎ ናት፣ ለፎቶ ነው እንጂ ሙቀት ነበር። ከኋላ የቆመው ሲፎ ነው። ከአጠገቤ ጥለቱን የለበሰችውን አንቺ ታውቂያታለሽ። ከፋሲካ በፊት አብረን መጥተን በሽማግሌ ፊት እንቆማለን።

ቆርቆሮውም በዚህ ሳምንት ከሆሳዕና ከተማ ይጫንልሻል፣ ለባለ መኪናው ነግሬያለሁ።

ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጀምሮ የጠየቅሁሽን ታውቂዋለሽ።

ልጅሽ ዱካሞ

*

ዱራሜ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለባለ መሬቱ ለዱካሞ፣

ፎቶው ደርሶኛል። ከስተሃል፣ ግን ቆመሃል። ጎጎ ጋቢውን ገልብጣ ነው የለበሰችው፣ ስመጣ አስተካክልላታለሁ፤ አዎ፣ እኔም መምጣት አስቤያለሁ። ልጅቱ ዓይኗ ደግ ነው፣ ይዘሃት ና።

ቆርቆሮው መጣ። ቤቱን አለበስነው። ከአሮጌው የተረፈው እንጨት ለአጥር ሆነ፤ የምን አጥር እንደሆነ ልንገርህ።

ካቻምና በነሐሴ፣ ጋቢውን የላክሁልህ ሰሞን፣ አባትህ መቃብር ሄድኩ። ያ የተከልኩት እሬት ትልቅ ሆኖ ብዙ ወልዷል። አንዷን ልጅ ይቅር በለኝ ወንድሜ ብዬ ነቅዬ አመጣሁ። ስታድግ ቢላ ለበለብኩ፣ ልቧን አወጣሁ። አሁን ከበሩ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ ዶሮ እንዳይጭራቸው በዚያ እንጨት ታጥረው ቆመዋል። የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፣ ወረሰኝ።

ምርቃት ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ ያልሰጠሁህ ስለፈራሁ ነው፤ የመረቅሁት ልጅ በመረቅሁት ነገር ቢቀበርስ ብዬ። አሁን ተቀበል። መሬትህ አይጥፋ። ድንጋዩ ያብላህ። ልብህ ቢወጣ እንኳ በዙሪያህ ልጆች ይብቀሉ። ያለበሱህን እጆች ጌታ ያልብሳቸው። አሜን በል፣ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።

ከገበያ የሚመለስ ሰው ደጄ ላይ ሲደርስ እሬቱን አይቶ ይደነግጣል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባና በቀስታ ይጠይቀኛል፦

"አስካለች፣ ማን ሞተብሽ?"

ማንም አልሞተም እላለሁ። ልጄ መሬት ያዘ።

አክስትህ አስካለች